ማኑዋል የሌለው «ልዩ እትም»፤ ከወራት በኋላ

ይሄ ግምገማ ስለ ጌሙ አይደለም። ጌሙ አሪፍ ነው፤ ታሪኩ ይይዛል፣ ውጊያው ይጥማል፣ ስለሱ የጻፈውም ሰው ብዙ ነው። እኔ የምጽፈው ስለመጣበት ሳጥን ነው። ከኢንተርኔት የሚወርደውን ዲጂታሉን ትቼ፣ ጨምሬ ከፍዬ ዲስኩን የገዛሁት ለሳጥኑ ስል ነበርና ሳጥኑም የራሱ ግምገማ ይገባዋል። የጌሙን ስም አልጠራም። የዘንድሮ ሳጥኖች አብዛኞቹ ከዚህ አይሻሉም፤ አንዱን ለይቶ መውቀስ ደግሞ ደስ አይለኝም።

ስከፍተው ያገኘሁት ይሄ ነው። ከላይ ጥቁር የካርቶን ልባስ፣ ከውስጡ የተለመደው የፕላስቲክ መያዣ። መያዣው ውስጥ አንድ ዲስክ፣ በማላውቃቸው ቋንቋዎች ጭምር የተጻፈ የጤና ማስጠንቀቂያ፣ ጌሙ ውስጥ ለአንድ ልብስ የሚሆን ኮድ ያለበት ካርድ፣ ሁለት ተለጣፊ ምስል። አለቀ። ካርታ የለም። ማኑዋል የለም። በግራ በኩል ባለው ክዳን ላይ ግን ማኑዋል የሚይዙት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሁንም አሉ። የሚይዙት ነገር ነው የጠፋው።

የዕቃውን ጥራት ቶሎ ልጨርሰው። ጥቁሩ ልባስ የጣት አሻራ ይይዛል። ማዕዘኖቹ ነጭ ነጭ ማለት ጀምረዋል፤ ቀለሙ ላይ ላዩን ነው እንጂ ካርቶኑ ራሱ ጥቁር አይደለም። መያዣው ፕላስቲክ ለመቆጠብ ሲባል ጀርባው የተቦረቦረ ዓይነት ነው። ሽፋኑን በአውራ ጣት ጫን ስትሉት ወረቀቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ከኋላ የሚደግፈው የለማ! አሁን ጀግናው ጉንጭ ላይ የማይጠፋ ጉድጓድ አለ። በሌላ በኩል ዲስኩን መሃል ላይ የሚይዘው ነገር ጠንካራ ነው፤ ዲስኩ ወልቆ ሲንኳኳ ሰምቼ አላውቅም። የልብሱ ኮድ ደግሞ የሚያበቃበት ቀን አለው። ልብሱን አንዴ አልብሼው አየሁት፣ አልወደድኩትም፣ አወለቅኩት።

ዋናው ነገር የመጣው ቆይቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማኑዋል የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ። ጌሙ ራሱ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። እንዲህ ዝለል፣ እንዲህ ምታ፣ አሁን ይቺን ተጫን። እውነቱን ለመናገር ቁልፍ ለማስተማር ከማኑዋል ይሻላል። እያነበባችሁ ሳይሆን እየሞከራችሁ ነው የምትማሩት።

ከዛ ሥራ በዛብኝና ጌሙን ለረጅም ጊዜ ተውኩት። ስመለስ ሴቭ ያደረግኩት ከአንድ ከባድ ውጊያ በር ላይ ኖሯል። ጀግናዬ እስከ አፍንጫው ታጥቋል። እኔ ግን አንዱንም መሣሪያ እንዴት እንደማዝ ጠፍቶብኛል። ጋሻው በየትኛው ቁልፍ ነበር? አስማቱን የምቀይረው አንዱን ይዤ ነው ወይስ ሁለቴ ነክቼ? መድኃኒት ይጠጣልኛል ብዬ የተጫንኩት ቁልፍ ቦንብ አስጣለኝ፤ እዛው እግሬ ሥር ፈነዳ።

ቱቶሪያሉ ያለው ጌሙ መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው። እሱን ደግሜ ለማየት እንደገና ከዜሮ መጀመር አለብኝ። ሜኑ ውስጥ «እገዛ» የሚል አለና ገባሁ። ረጅም ዝርዝር ነው፤ ፊደሉ ከሶፋ ላይ አይነበብም፤ የተደረደረውም በርዕስ ሳይሆን ነገሮቹን ባገኘሁበት ቅደም ተከተል ነው። ጋሻን ለማግኘት ጋሻውን መቼ እንዳገኘሁት ማስታወስ ይጠበቅብኛል። ማስጠንቀቂያው ወረቀት ላይ ያለውን ኪው አር ኮድ በስልኬ አነሳሁት። የኩባንያው መነሻ ገጽ ተከፈተ፤ አዲሱን ጌማቸውን ያስተዋውቃል።

ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አገኘሁት፣ እሺ። ግን አንድ ቁልፍ ለማወቅ የአንድ ሰው ቪዲዮ ከፍቼ፣ ማስታወቂያ አሳልፌ፣ ሰላምታውን ሰምቼ ነው። እግረ መንገዴን የታሪኩን መጨረሻ የሚናገር ርዕስም ዓይኔ ውስጥ ገባ። ይሄ ነው የሚያናድደው።

ስለዚህ ማኑዋሉን ራሴ ሠራሁት። አንድ ወረቀት ለሁለት አጥፌ በአንዱ ገጽ ጆይስቲኩን ሳልኩና ከየቁልፉ ጎን ሥራውን ጻፍኩ። በሌላው ገጽ ጌሙ አንዴ ነግሮኝ ያልደገመውን ሁሉ አሰፈርኩ፤ የትኛው ጭራቅ እሳት እንደሚፈራ፣ የትኛው ነጋዴ ምን እንደሚገዛ፣ የተቆለፈው በር የት እንዳለ። ከዛ እነዛ ሥራ ፈት የፕላስቲክ ጥርሶች ሥር ሻጥ አደረግኩት። ልክክ አለ። በኋላ ጌሙን የተዋሰኝ ጓደኛዬ ሲመልስልኝ «ከዲስኩ ይልቅ ወረቀቷ ናት የጠቀመችኝ» አለኝ። ልብሱን ግን አላገኘም፤ ኮዱን እኔ ተጠቅሜበታለኋ።

ድሮ ጓደኛ ጌም ሲያውስ ሙሉውን ነበር የሚያውሰው።

ድሮ ስል ማኑዋሉ ጌጥ ስላልነበረበት ዘመን ማለቴ ነው። በ1985 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የወጣው የመጀመሪያው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ በጠቅላላው 40 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። እዚያ ውስጥ ታሪክ የሚጻፍበት ቦታ የለም፤ ስለዚህ ታሪኩ ወረቀት ላይ ወጣ። ማኑዋሉን ያነበበ ሰው ጌሙ የሚካሄድበት የእንጉዳይ መንግሥት ነዋሪዎች በጥቁር አስማት ድንጋይና ጡብ እንደሆኑ ያውቃል። ጌሙን ብቻ የተጫወተ ሰው አያውቅም። ያንን ካነበባችሁ በኋላ በጭንቅላት የምትመቱት ጡብ ሁሉ ትንሽ ይከብዳችኋል።

ኢንፎኮም የተባለው የጌም ኩባንያ ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄዷል። በ1982 ዴድላይን የሚባል የግድያ ምርመራ ጌም ሲያወጣ፣ በዲስኩ ላይ ያልበቃውን ጽሑፍ በፖሊስ ዶሴ መልክ አሳትሞ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። የምስክሮች ቃል፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የቦታው ፎቶ፣ ሬሳው አጠገብ ተገኙ የተባሉ ክኒኖች ሳይቀሩ። ምርመራውን የምትጀምሩት ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ ነው። የኡልቲማ ጌሞች የጨርቅ ካርታ ይዘው ይመጡ ነበር። በ1985 የወጣው አራተኛው ክፍል የብረት መስቀል መሰል ምልክትም ነበረው። በጣም የምወደው ግን የ1990ው ስታርትሮፒክስ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ደብዳቤ አለ፤ ጌሙ መሃል ላይ «ደብዳቤውን ውኃ ውስጥ ንከረው» ይላችኋል። ስትነክሩት 747 የሚል የሬዲዮ ቁጥር ይወጣል። ያለሱ ማለፍ የለም። ሜታል ጊር ሶሊድም በ1998 ተመሳሳይ ነገር አድርጓል፤ አንድ ቁጥር ከሲዲው መያዣ ጀርባ ፈልጉ ይላል፤ እዛ ካሉት ትንንሽ ምስሎች አንዱ ላይ 140.15 ተጽፏል።

ከፊሉ ስስትም ነበር፣ አይካድም። ወረቀቱ የግድ ከሆነ ጌሙን ኮፒ ያደረገ ሰው ይቸገራል። ስታርትሮፒክስን ያለ ደብዳቤው ያገኘ ልጅ ምን ያህል እንደተበሳጨ መገመት አይከብድም። ያም ሆኖ ሳጥኑ የጌሙ አካል ነበር፤ ሲጎድል የሚታወቅ።

አሁን ደግሞ ያለፈውን ሁሉ ወርቅ አላደርገውም። መደርደሪያዬ ላይ ያሉት አሮጌ ማኑዋሎች አብዛኞቹ አሰልቺ ናቸው። ጥቁርና ነጭ፣ ጥቂት ገጽ፣ ግማሹ ማስጠንቀቂያ፣ መጨረሻው የሠራተኞች ስም። ከኋላ «ማስታወሻ» የሚል ባዶ ገጽ ይተዋሉ፤ ያኔ ገጽ ለመሙላት ይመስለኝ ነበር። ሴቭ የሌላቸው ጌሞች ካቆማችሁበት እንድትቀጥሉ በዘፈቀደ ፊደል የሚሰጡት ፓስወርድ ግን የሚጻፈው እዛ ነው። የእኔም ወረቀት እኮ ያ ባዶ ገጽ ነው።

ለምን ጠፋ ካላችሁ፣ አንድ ሰበብ የለውም። ወረቀት ገንዘብ ነው፣ ክብደት ነው፣ በየቋንቋው መታተም አለበት። ትልልቆቹ የኮምፒውተር ጌም ሳጥኖች በ2000 አካባቢ ወደ ትንሽ ካርቶን፣ ቀጥሎም ወደ ዲቪዲ መያዣ ሲወርዱ ወፍራም መጽሐፍ የሚገባበት ቦታ ቀረ። በ1998 የወጣው ፎልከን 4.0 የተባለው የጦር አውሮፕላን ጌም ማኑዋል ከ500 ገጽ በላይ ነበር፤ እሱን በዛሬው መያዣ ክተት ብትሉኝ እንኳን መያዣው መደርደሪያውም አይችለው። በ2010 ዩቢሶፍት የተባለው የጌም ኩባንያ በፕሌይስቴሽን 3 እና በኤክስቦክስ 360 ጌሞቹ የወረቀት ማኑዋልን በዲጂታል እንደሚተካ አስታወቀ። የሰጠው ምክንያት አካባቢን መጠበቅ ነው። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት። የዛፉ ነገር እውነት ነው። ታዲያ የዳነው ዛፍ ይሄን የኔን ጥቁር ልባስ ለምን አላስቀረውም?

አንድ እውነተኛ ምክንያት ግን አለ። ዛሬ ጌም ከታተመ በኋላ ይቀየራል። የእኔ ጌም በነዚህ ወራት ውስጥ በአፕዴት የአንዱን መሣሪያ አሠራር ቀይሯል፤ ወረቀቴ ላይ ሰርዤ ደልዤ አስተካክያለሁ። የታተመ ማኑዋል ቢኖረኝ ያ መስመር ውሸት ይሆን ነበር። ዲስኩም ራሱ በዚህ በሽታ ተይዟል፤ ከገባ በኋላ የወረደው ነገር ብዛት ዲስኩ ላይ ምን ነበር ያሰኛል። በ2025 ከወጣው ኒንቴንዶ ስዊች 2 ከተባለው የጌም መጫወቻ ጋር ደግሞ ጭራሽ ጌሙ የሌለባቸው ካርዶች መጥተዋል። ካርዱ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ጌሙ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ቢያንስ ሽፋኑ ላይ በግልጽ ይጻፋል።

አይቻልም የሚሉኝን ግን አልሰማም፤ ዊቸር 3 መደርደሪያዬ ላይ አለ። በ2015 የወጣው፣ ያውም ተራው እትም። ሳጥኑ ውስጥ ካርታ አለ፣ የሙዚቃ ሲዲ አለ፣ ስለ ዓለሙ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ አለ፣ ተለጣፊ ምስል አለ፣ ጌሙን ስለገዛችሁ እናመሰግናለን የሚል ደብዳቤም አለ። ካርታው ዕጥፋቱ ላይ ሳስቷል፤ ስለተጠቀምኩበት ነው። በተቃራኒው በ2018 የፎልአውት 76 ውድ እትም የሸራ ቦርሳ አለው ተብሎ ተሸጦ ለገዢዎቹ የመጣው ናይለን ነበር። ጩኸቱ ሲበዛ ኩባንያው ሸራውን እልካለሁ ብሏል። ሁለቱም ትልቅ ጌሞች ናቸው። ልዩነቱ የአቅም አይመስለኝም።

ደስ የሚል ነገርም ልጨምር። በ2022 የወጣው ቱኒክ የተባለ ጌም የማኑዋል ገጾችን ጌሙ ውስጥ በትኖ ያስለቅማችኋል። ገጾቹ አብዛኛውን በማይነበብ ፊደል ተጽፈዋል፤ ከሥዕሉ እየገመታችሁ ነው የምትማሩት። ዳር ላይ በእስክሪብቶ የተጫረ ማስታወሻ እንኳ አለው። አሮጌ ጌም ለሚወዱ ደግሞ ጎግ የተባለው መሸጫ ከብዙዎቹ ጋር ማኑዋሉን በፒዲኤፍ ይሰጣል። እጠቀምበታለሁ። ታብሌቱን ጎኔ አድርጌ ስጫወት ይሠራል፤ ስክሪኑ ልክ ውጊያው ሲጦፍ መጥፋቱ ነው እንጂ።

ሳጥኑን ልግዛ ወይ ለሚለኝ፦ ጌሙን ጨርሳችሁ ለማዋስ ወይም ለመሸጥ ካሰባችሁ ዲስኩ ዛሬም ዋጋ አለው። መደርደሪያ ላይ እንዲያምር ከሆነ ልባሱን ባትነካኩት ያምራል። ውስጡ የሚነበብ ነገር ፈልጋችሁ ከሆነ ተዉት። «ልዩ እትም» የሚለውን አትመኑ፤ ከጀርባው የተዘረዘረውን እያንዳንዱን ዕቃ አንብቡ። «ዲጂታል ይዘት» የሚል ከበዛበት የምትገዙት ኮድ ነው።

ኩባንያዎቹን ሐውልት አልጠይቅም፣ የብረት ሳጥንም አልጠይቅም። አንድ ወረቀት፣ በአንዱ ገጽ ቁልፎቹ፣ በሌላው ካርታ። ቁልፎቹ እንኳን በአፕዴት ብዙም አይቀየሩም። የዚህ ጌም ሁለተኛ ክፍል እየተሠራ ነው ተብሏል። ያቺ ወረቀት ካለችበት ዲስኩን እገዛለሁ። ከሌለች ዲጂታሉን ገዝቼ ወረቀቷን ራሴ እጽፋለሁ።