ከሬቲፊካ በፊት ልኩን በዓይናችሁ እዩ

ለእረፍት አገር ቤት ሄዳችሁ የቆየ ሞተር ሳይክል ልታሳድሱ ካሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ሲሊንደራችሁን (ፒስተኑ የሚመላለስበትን ክፍል) ለሬቲፊካ፣ ማለትም የተበላው ውስጡ ተቆርጦ እንዲሰፋ፣ ለማንም እንዳትሰጡ። እኔ የአባቴን ሆንዳ ሲጂ 125 አሳድሼ ነው የተመለስኩት። ሞተሯ ተነስታለች፣ ትሄዳለች። አንድ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቆርጥ) የሠራብኝ ሥራ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። እጃቸው ይባረክ የምላቸው ሰዎችም አሉ፤ ስለነሱም እጽፋለሁ።

ይቺን ሞተር ሆንዳ ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የታሰበችውም አቧራ ላይ ለሚውል፣ ዘይት በሰዓቱ ለማይቀይር ሰው ነው። ቫልቮቿን የሚከፍተው የብረት ዘንግ ስለሆነ ከላይ የሚላላ የካም (የቫልቭ ማንቀሳቀሻ) ሰንሰለት የላትም። የኋላ ጎማውን የሚነዳው ሰንሰለትም ቆርቆሮ ለብሷል። ቤት ውስጥ በተራ ቁልፍ ተፈታ የምትገጠም ሞተር ናት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሥራ የተመላለሰው በሷ ነው። እኔ በምኖርበት አገር መንገድ ላይ የሷን የመሰለ ድምፅ ከሰማሁ ሳላስበው ዞር እላለሁ።

ሞተሩን የፈቱልን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው አንጋፋ መካኒክ ናቸው። ግቢያችን ድረስ መጡ። መሬት ላይ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፉና ያወጡትን ሁሉ እንደ አወጣጡ ቅደም ተከተል ደረደሩት። የግራና የቀኝ ዘንጎች እንዳይቀያየሩ አንዱ ላይ ክር አሰሩበት። ፋሻውን (ፒስተኑን የሚከበውን የብረት ቀለበት) ከፒስተኑ አወለቁና ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ ከተው፣ የጫፎቹን ክፍተት በቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ለኩ። ከላይ ለኩ፣ ከመሃል ለኩ፣ ከታች ለኩ። ከዚያ ሲሊንደሩን ወደ ፀሐይ አዙረው ግድግዳውን በጥፍራቸው ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ይቺ ገና ናት» አሉኝ። «የመጀመሪያው ሬቲፊካ ይበቃታል። ከዚያ እንዳታሳልፍ።»

ለምን እንዳሉኝ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ንዴቴ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። የዚህች ሞተር ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 56.5 ሚሊሜትር ነው። ሲበላ ትንሽ ይሰፋና ትልቅ ፒስተን ይገባበታል። ፒስተኖቹ በ0.25 ሚሊሜትር ልዩነት ነው የሚሸጡት፤ 0.25፣ 0.50፣ 0.75፣ መጨረሻው 1 ሚሊሜትር። አንድ ሲሊንደር አራት ዕድል አለው ማለት ነው። በአግባቡ ከተያዘ እያንዳንዱ ዕድል ብዙ ዓመት ያስኬዳል። መጨረሻው ካለቀ ግን ወይ አዲስ ሲሊንደር ትገዛላችሁ፣ ወይ ውስጡን በሌላ ብረት ታስለብሳላችሁ። ለቆየ ሞተር ትክክለኛ ሲሊንደር ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ የ0.25ን ፒስተን ከነፋሻው ራሴ ገዝቼ፣ ከሲሊንደሩ ጋር ቶርኖ ቤት ወሰድኩ። ባለቤቱ በጥሩ ፈገግታ ተቀበለኝ። ሁለት ቃል እንደተናገርኩ «ወንድሜ ከውጭ ነው የመጣኸው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ዋጋ ተነጋገርን፣ ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቀው «በእኛ መሃል ምን ደረሰኝ ያስፈልጋል?» አለኝ። ነገ ከሰዓት ውሰድ ተባልኩ።

ነገ ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ነበር። እሺ፣ የሱ ጥፋት አይደለም። በማግስቱ ሠራተኛው ታሟል። ከዚያ ቀጥሎ ስልክ አይነሳም። ሄጄ ስቆም «አሁን ልንጀምርልህ ነው» ይሉኛል፤ ሲሊንደሬ ግን መጀመሪያ ያስቀመጥኩበት መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። የእረፍቴ ግማሽ በዚህ አለቀ። እናቴ «ልጄ፣ የመጣኸው እኛን ልታይ ነው ወይስ ብረት?» እስክትለኝ ድረስ።

በመጨረሻ ደወሉና ተጠራሁ። ሲሊንደሩ ተጠርጎ፣ ዘይት ተቀብቶ ጠበቀኝ። አጠገቡ ያለው ፒስተን ግን የኔ አልነበረም። አናቱ ላይ 1.00 የሚል ተመቶበታል። ደነገጥኩ። «0.25 አልጠራም፣ ጭረቱ አልለቀቀም፣ ስለዚህ ጨመርንበት» አለኝ። ከ0.25 ቢያልፍ 0.50 አለ፣ 0.75 አለ። እንዴት አንድ ጊዜ መጨረሻው ላይ ትደርሳለህ? ለምን ሳትቆርጥ አልደወልክልኝም? ስልኬ እኮ አለህ! መልሱ «ፒስተኑ በእጃችን ያለው እሱ ብቻ ስለነበር» ሆነ። ሱቁ ውስጥ ባለው ፒስተን ልክ የአባቴን ሲሊንደር ቆረጠው። የገዛሁት ፒስተን የት ሄደ ስል «ይፈለጋል» ተባልኩ። ሂሳቡ ደግሞ ከተነጋገርነው ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ የነሱ ፒስተን ዋጋ ተጨምሮበት። የለካህበትን አሳየኝ ስለው ተራ ካሊፐር አወጣልኝ። በፒስተንና በሲሊንደር መካከል የሚተወው ክፍተት በሚሊሜትር መቶኛ የሚቆጠር ነው። ለዚህ ማይክሮሜትርና የሲሊንደር ውስጥ መለኪያ ያስፈልጋል።

ተጨቃጨቅን። ከፍዬ ወጣሁ፤ ሲሊንደሩን ይዞብኝ ስለነበር ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

እኔ በምኖርበት አገር እንዲህ ያለ ቦታ ሥራ ስትሰጥ መጀመሪያ ይለካሉ። የለኩትን ቁጥር ጽፈው ይልኩልሃል፤ እሺ ሳትል ማሽን አይነካውም። እውነቱን ለመናገር እዚያ ብዙ ጋራዥ እንዲህ ያረጀ ሞተር ጭራሽ አይቀበልም። አዲስ ግዛ ብለው ይሸኙሃል። አገር ቤት ማንም አይጣል አላለኝም፤ ሁሉም እንዴት ትነሳለች ብሎ ነው የሚያስበው። ያንን እወድላቸዋለሁ። ለዚህም ነው የቶርኖ ቤቱ ሥራ ይበልጥ ያናደደኝ።

ጋሼ ሲሊንደሩን ሲያዩ ብዙ አልተናገሩም። ጣታቸውን አስገብተው ግድግዳውን ዳሰሱና «መስታወት አድርገውታል» አሉ። ተቆርጦ ሲያበቃ በድንጋይ መስቀለኛ ጭረት ሊወጣለት ይገባ ነበር። ዘይት ግድግዳው ላይ የሚይዘው፣ አዲሱ ፋሻም ተፋጭቶ ቦታውን የሚይዘው በዚያ ጭረት ነው። ራሳቸው ወደሚያውቁት ሌላ ቤት ወሰዱት። ቆመው አሠርተው በዚያው ቀን ይዘውት መጡ። ሲገጥሙ የቫልቩን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ 0.08 ሚሊሜትር ላይ አስተካከሉት። የጠየቁኝን ሂሳብ ስሰማ አፈርኩ፤ ጨምሬ ሰጠኋቸው።

ሁለተኛው ጎበዝ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ልጅ ነው። የቆየችው ሲጂ 6 ቮልት ነበረች፤ ማታ መብራቷ ለራሷም አይበቃም። ወደ 12 ቮልት ቀየረልን። ይህ ባትሪ መቀየር ብቻ አይደለም። የዲናሞው ጥቅል፣ ሬጉሌተሩ፣ አምፖሎቹ፣ ክላክሱ፣ የፍሬቻው ሪሌ፣ ሁሉም አብሮ ነው የሚቀየረው። ልጁ ሳይጀምር የሚገዛውን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ሲጨርስ የተረፈውን ሽቦ ሳይቀር መለሰልኝ። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ አስገባና «ይሄ ከሌለ ሞተሯን አላስነሳም» አለ። የገመዶቹን መጋጠሚያ በፕላስተር ጠቅልሎ አልተወም፤ በየደው፣ ሸፈነው፣ አሰረው። እንደዚህ ያለ ንጹሕ ሥራ ውጭም ብዙ አላየሁም።

የቤንዚን ሰልባትዮውን (ታንከሩን) ከወንድሜ ጋር ቤት ሠራነው። ዝገቱን በኮምጣጤ አሳደርነው፤ ከዚያ አሲዱ እንዳይቀር በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አጠብነው፣ ቶሎ አደረቅነው። ካርቡራተሩ በር ላይም ማጣሪያ ጨመርን። ጎማ ስትገዙ ደግሞ ጎኑ ላይ ያለውን አራት አሃዝ ቁጥር እዩ። 2314 ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። «አዲስ ነው» ብለው ያመጡልኝ አንዱ ጎማ ዓመታት መጋዘን የቆየ ነበር። መለስኩት፤ ያለ ክርክር ቀየሩልኝ።

ሬቲፊካ የምታስደርጉ ሰዎች እባካችሁ፦ ከመቆረጡ በፊት ልኩን ቆማችሁ እዩ። ስንት ድረስ እንደሚቆረጥ አስጽፉና አስፈርሙ። ፒስተኑን ስትሰጡ ፎቶ አንሱት። ቀብድ ያለ ደረሰኝ አትክፈሉ። መስቀለኛው ጭረት ካልታየ አትረከቡ። ከተቻለ እንደ ጋሼ ያለ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ወንድሜ ሞተሯን እያለማመዳት ነው። ጋዙን ጨክኖ አይሰጣትም፣ በአንድ ፍጥነትም ብዙ አይሄድም፤ የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ ቀይሮታል። በሄደ ቁጥር ቶርኖ ቤቱ ጎራ እያለ ፒስተኔን ይጠይቅልኛል። ዛሬም «ይፈለጋል» ነው የሚሉት።