የወታደር ወሬ፦ ቡና ላይ ወይስ ቲክቶክ ላይ?

ስለ ጦርነት ከወታደሩ አፍ መስማት የፈለገ የደሴ ሰው ሁለት ምርጫ አለው።

ድካሙ፦ ቪዲዮው ኪስ ውስጥ ነው። ቡናው ጊዜ ይፈልጋል። ከግንባር የተመለሰ ሰው በአቦል አይናገርም፤ ቢናገርም በረካ ላይ ነው።

የሚነገረው፦ ትልቁ ልዩነት እዚህ ጋ ነው። ቪዲዮው ላይ ድል አለ፣ ፉከራ አለ። ቡናው ላይ ስለ ውሃ ጥም፣ ስለ እግር ቁስል፣ አጠገቡ ስለወደቀው ልጅ ይነሳል። ስኒ ወድቆ ሲሰበር ክው ከሚል ሰው ጎን ተቀምጦ «በለው!» ማለት ይከብዳል። እኔ ለዚህ ስል ወደ ቡናው አደላለሁ።

አደጋው፦ ሁለቱም አላቸው። አንድ ወታደር ያየው የራሱን ምሽግ ነው። ቪዲዮው ደግሞ ተቆርጦ፣ ቀኑ ጠፍቶ ይዞራል። በ2014 ጥቅምት ላይ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ስለገባ፣ እዚህ ያለ ሰው የሰማውን ካየው ጋር ያመሳክራል። ሩቅ ያለው ይህ ዕድል የለውም።

ለማን የቱ? ልጁ «ልዝመት» ላለው ቤተሰብ ቡናው ይሻላል። የሚያውቀው ወታደር ለሌለው ቪዲዮውም አይናቅም፤ ግን ከአንድ ወገን ብቻ ባይሆን፣ ቀኑንና ቦታውንም ቢያጣራ።