ካማርጎ ወይስ ታልዮኒ? የድሮ የባሌት ምስል ለምትገዙ

የድሮ ባሌሪና ምስል ስትገዙ ፊቷን ሳይሆን ቀሚሷን አይታችሁ ምረጡ። ሁለቱን የባሌት ጨፋሪዎች፣ ማሪ ካማርጎንና ማሪ ታልዮኒን፣ ላወዳድርላችሁ።

ማሪ ካማርጎ በፓሪስ ኦፔራ በእግሯ ፍጥነት የታወቀች ነበረች። የዘመኗ ሴቶች መድረክ ላይ የሚለብሱት ረጅም ቀሚስ እግር ይሸፍናል፤ እሷ ግን ዝላይዋ እንዲታይ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ አድርጋ አሳጠረችው ይባላል። ኒኮላ ላንክሬ ደጋግሞ ሳላት (አንዱ ሥዕል ዋሽንግተን ብሔራዊ ጋለሪ አለ)፣ ሎራን ካር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1731 መዳብ ሰሌዳ ላይ ቀረጻት፤ ወረቀቱ የሚታተመው ከዚህ ሰሌዳ ነው። መዳብ ላይ የሚቀረጽ መስመር ስል ነው። ስለዚህ ጠንከር ያለው ሐር፣ ጥልፉ፣ የአበባ ጉንጉኑ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ማሪ ታልዮኒ እ.ኤ.አ. በ1832 ፓሪስ ላይ «ላ ሲልፊድ» የተባለውን ባሌት ስትጨፍር የለበሰችው ነጭ፣ ስስ፣ እንደ ደወል የተዘረጋ ቀሚስ ነው፤ ዛሬ ባሌት ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ልብስ ከዚያ የወረደ ነው። አልፍሬድ ሻሎን የሳላቸው ምስሎቿ ለንደን ውስጥ በሊቶግራፍ ታትመዋል። ሊቶግራፍ ድንጋይ ላይ በቅባታማ እርሳስ ስለሚሳል ጥላው ለስላሳ ነው፣ የቀሚሱ ስስ ጨርቅ ብርሃን ሲያሳልፍ ይታያችኋል። መዳብ ላይ የተቀረጸ መስመር ይህን ያህል አይለሰልስም።

እኔ ለፋሽን ታሪክ ካማርጎን እመርጣለሁ፤ የአንድ ቀሚስ ጫፍ ከፍ ማለት ጭፈራውን ሲለውጥ እዚያው ወረቀቱ ላይ ይታያል። ሳሎን ለማሳመር ከሆነ ግን ታልዮኒ ትበልጣለች።

አሁን ወደ ኪሳችሁ። የካማርጎ ወረቀት ዳር ላይ ሰሌዳው ተጭኖ የተወው ጎድጎድ ያለ ጠርዝ መኖር አለበት፣ በጣት ይዳሰሳል። ከሌለ ወይ ዳሩ ተቆርጧል፣ ወይ ቅጂ ነው። ከምስሉ ሥር ያለው ጽሑፍ ተቆርጦ ከሆነም ዋጋ አስቀንሱ። መስመሩ የደበዘዘ ከሆነ ሰሌዳው ብዙ ታትሞበት ካረጀ በኋላ የወጣ ሊሆን ይችላል። ሊቶግራፍ ያ ጠርዝ ስለሌለው ማጉያ መነጽር ያዙ፦ ነጠብጣቦቹ እኩል ተሰልፈው ካያችሁ የዘመናችን ማተሚያ ቤት ሥራ ነው፣ ተዉት። የእውነተኛው ሊቶግራፍ ነጠብጣብ ያልተስተካከለ ነው፣ በእጅ ሲቀባ ደግሞ ቀለሙ አልፎ አልፎ ከመስመሩ ወጣ ይላል። ኦንላይን ከሆነ የምትገዙት የጀርባውን ፎቶ ጠይቁ። እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

በእጅ የተቀባችውን ታልዮኒ ከወሰዳችሁ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት አትስቀሏት፣ ቀለሟ ይለቃል።