ከአሜሪካ ሠራዊት ሲሰናበቱ፦ የመሸጋገሪያው አገልግሎት ምኑ ይጠቅማል፣ የቱ ላይ ይጥላል?

የአሜሪካ መንግሥት ከሠራዊት ለሚሰናበት ሰው ያዘጋጀው ድጋፍ ሰፊ ነው። ሕክምና፣ የጉዳት ካሳ፣ የትምህርት ክፍያ፣ የቤት ብድር ዋስትና፣ የመንግሥት ሥራ ቅድሚያ፤ ሁሉም በሕግ የተጻፈ መብት ነው። ነገር ግን አብዛኛው በቀን የተገደበ ነው። አንዱ ከመሰናበቻው 180 ቀን በፊት ይከፈታል፤ 90 ቀን ሲቀር ይዘጋል። ሌላው ከወጡ በኋላ በ240ኛው ቀን ያበቃል። ቀኑን ያወቀ ብዙ ያገኛል፤ ያላወቀ የራሱን ለማስመለስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይለፋል። በሠራዊቱ ውስጥ ያሉ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በቤታቸው የመጀመሪያው ወታደር ስለሆኑ፣ ሌላው አሜሪካዊ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ሰምቶ የሚያድገውን ይህን ነገር የሚነግራቸው ዘመድ የለም። ስለዚህ አገልግሎቱን በቀኖቹ ቅደም ተከተል እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሩ የሚከፈተው ታፕ በሚባለው የመሸጋገሪያ ፕሮግራም ነው። በ2011 የወጣው ሕግ ለአብዛኛው ተሰናባች ግዴታ አድርጎታል። ከመሰናበቻው ቢያንስ 365 ቀን አስቀድሞ መጀመር አለበት፤ በጡረታ የሚወጣ ደግሞ ሁለት ዓመት ሲቀረው መጀመር ይችላል። መጀመሪያ ከአማካሪ ጋር ለብቻ መነጋገር አለ፤ ቀጥሎ የመከላከያ፣ የቪኤ (የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ) እና የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች አንዳንድ ቀን ያስተምራሉ። ከዚያ በኋላ ተሰናባቹ ሥራ፣ ከፍተኛ ትምህርት፣ ሙያ ወይም የራስ ንግድ ከሚሉት መንገዶች አንዱን መርጦ ሁለት ቀን ሊማር ይችላል። የመጨረሻው ማጣሪያ ከመውጫው 90 ቀን በፊት ይደረጋል።

ትምህርቱ መጥፎ አይደለም። የራስ ንግድ ለመክፈት ለሚያስብ ሰው የሁለት ቀኑ የንግድ ኮርስ በተለይ ጥሩ ነው። የቪኤው ቀን ግን ከመጠን በላይ የታጨቀ ነው፤ ኢንሹራንስ፣ ካሳ፣ ትምህርት፣ ብድር፣ ሕክምና ሁሉም በአንድ ቀን ስላይድ ያልፋል። በዚህ ላይ አለቃ «አሁን ሥራ ይበዛል» እያለ ስለሚያቆይ ብዙ ሰው ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጠው ሦስትና አራት ወር ሲቀረው ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ዋናው የካሳ መስኮት እየተዘጋ ነው። አማካሪውን ለማግኘት የክፍሉን ተራ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ዓመት ሲቀር በጽሑፍ ቀጠሮ መጠየቅ፣ ቅጂውንም መያዝ ይሻላል።

ከሁሉም አገልግሎት የላቀው ቢዲዲ ነው፤ ገና ሠራዊት ውስጥ እያሉ የጉዳት ካሳ የሚጠየቅበት መንገድ። የሚሠራው ከመሰናበቻው 180 ቀን ጀምሮ 90 ቀን እስኪቀር ብቻ ነው። የሚሞላው ቅጽ 21-526ኢዜድ ነው። ከእሱ ጋር የሠራዊቱ የሕክምና ማኅደር ቅጂ እና የስንብት ጤና ምዘናው ክፍል «ኤ» ይያያዛል። ካስገቡ በኋላ ለምርመራ 45 ቀን በአካባቢው መገኘት ግድ ነው፤ የመጨረሻውን ፈቃድ ወስዶ አዲስ አበባ መብረር ያሰበ ሰው ጉዞውን ከዚያ በኋላ ያድርግ። በጠና የታመመ ወይም ሆስፒታል ተኝቶ መውጫውን የሚጠብቅ ሰው በሌላ መንገድ ይስተናገዳል።

ይህ መንገድ የሚበልጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ካሳ ለማግኘት ሦስት ነገር ይፈለጋል፦ አሁን ያለ በሐኪም የታወቀ ሕመም፣ በአገልግሎት ላይ የደረሰ ነገር፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ማስረጃ። ገና ዩኒፎርም ለብሰው ሲያመለክቱ ሦስቱም በአንድ ማኅደር ውስጥ ናቸው። ከወጡ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን «ወገቤን ያመመኝ ያኔ ነው» የሚል ሰው ያንን ማስረዳት አለበት፤ ያኔ ክሊኒክ ያልሄደ ከሆነ ወረቀት የለውም። በጉልበት ሥራ ወይም በጥበቃ ላይ ያሉ ወታደሮች «ደካማ እንዳይሉኝ» ብለው ክሊኒክ አይሄዱም፤ ማኅደሩን ባዶ የሚያደርገው ይኸው ነው። የመጨረሻው ዓመት ውስጥ የሚያም ነገር ሁሉ፣ ጆሮ ውስጥ የሚጮኸውም ጭምር፣ ሐኪም ዘንድ ተነግሮ መጻፍ አለበት። የማኅደሩን ቅጂ ከመውጣት በፊት ገጽ በገጽ ማየትም ያስፈልጋል፤ ከውጭ ግዳጅ የመጡ ገጾች ብዙ ጊዜ ይጎድላሉ።

ምርመራው፣ ሲ ኤንድ ፒ የሚሉት፣ የእኛ ሰው ብዙ የሚያጣበት ቦታ ነው። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲል አፋችን ላይ የሚመጣው «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። እሱ ግን ሰላምታ ብሎ አይተወውም፤ «ታካሚው ደህና እንደሆነ ተናግሯል» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ሐኪሙ ለማከም አልመጣም፤ ለመለካት ነው። ጉልበት ሲታጠፍ ዲግሪውን በመለኪያ ይይዛል፤ ስለዚህ ሕመሙ የሚጀምርበት ላይ «እዚህ ጋ ያመኛል» ማለት እንጂ ጥርስ ነክሶ እስከ መጨረሻው ማጠፍ ራስን መጉዳት ነው። ሕመሙ የሚብስበት ቀን ምን እንደሚመስል፣ በወር ስንቴ እንደሚመጣ፣ ያን ቀን ምን መሥራት እንደማይቻል መናገር ይገባል። ማጋነንም ያበላሻል፤ ማኅደሩ ካለው ጋር ካልገጠመ ሁሉንም ጥርጣሬ ላይ ይጥለዋል።

የአእምሮ ሕመም ላይ ዝምታው ይብሳል። እንቅልፍ ማጣት፣ ቁጣ፣ ከሰው መሸሽ በቤታችን «ጸባዩ ተለወጠ» ተብሎ ይታለፋል። ሚስት፣ ባል፣ ወንድም ወይም አብሮ ያገለገለ ጓደኛ ያየውን በቅጽ 21-10210 ላይ ጽፎ መስጠት ይችላል፤ እንዲህ ያለ ምስክርነት ክብደት አለው። ቀጠሮውን ያለ ምክንያት የቀረ ሰው ግን ጉዳዩ ባለው ወረቀት ብቻ ይወሰንበታል፤ ብዙ ጊዜም ውድቅ ይሆናል።

ቪኤ ለእያንዳንዱ ጉዳት የሚሰጠው መቶኛ የሚደመርበት ስሌት ብዙ ሰው ያደናግራል። 50 እና 30 ተደምሮ 80 አይሆንም። 50ው ከ100 ይቀነሳል፤ የቀረው 50 ነው። የዚያ 30 በመቶ 15 ነው፤ ድምሩ 65 ሆኖ ወደ 70 ይጠጋጋል። ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በነበረው ተመን የሚጦረው ቤተሰብ የሌለው ሰው በ10 በመቶ በወር 175.51 ዶላር፣ በ100 በመቶ 3,831.30 ዶላር ያገኝ ነበር፤ ተመኑ በየዓመቱ ይስተካከላል። ግብር አይከፈልበትም።

መስኮቱ ያለፈበት ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ከ90 ቀን በታች ሲቀረውም ማመልከት ይችላል፤ የሚያጣው ፍጥነቱን ነው። በወጣ በአንድ ዓመት ውስጥ ያመለከተ ሰው ክፍያው ከስንብቱ ማግስት ጀምሮ ሊታሰብለት ይችላል። ሰነድ ገና ያልተሟላለት ደግሞ «ላመለክት አስቤያለሁ» የሚለውን ቅጽ 21-0966 ያስገባ፤ ያ ቀን ለአንድ ዓመት ይያዝለታል።

ማመልከቻውን ያለ ረዳት ለብቻ መሥራት አይመከርም። የአካል ጉዳተኛ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር (ዲኤቪ)፣ ቪኤፍደብሊው፣ አሜሪካን ሊጅን እና የየክፍለ ግዛቱ የቀድሞ ወታደሮች ቢሮዎች እውቅና ያላቸው ወኪሎች አሏቸው፤ አንድ ሳንቲም አይጠይቁም። ውክልናው በቅጽ 21-22 ይሰጣል። ወኪሎቹ አንድ አይደሉም፤ አንዳንዱ በጣም ሥራ ስለሚበዛበት ያስገባውን መልሶ አያየውም። ስለዚህ ከመግባቱ በፊት ሕመሞቹ ሁሉ ተዘርዝረው እንደሆነ በራስ ዓይን ማየት ይገባል። በማስታወቂያ «መቶኛህን ከፍ እናደርግልሃለን» የሚሉ እውቅና የሌላቸው ድርጅቶች ግን መራቅ ያለባቸው ናቸው። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ዝግጅት ገንዘብ ማስከፈል በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ እነሱ «ምክር» እያሉ የወርሃዊውን ጭማሪ ብዙ እጥፍ ይቀበላሉ። የማንም ወኪል እውቅና በቪኤ ድረ ገጽ ላይ በስሙ ተፈልጎ ይገኛል።

የሕክምናው ክፍተት ዝም ብሎ የሚመጣ ነው። በጡረታ ያልወጣ አብዛኛው ሰው ትራይኬር (የሠራዊቱ የሕክምና ሽፋን) የሚቋረጥበት በተሰናበተበት ዕለት ነው። ያለ ፈቃዳቸው የተሰናበቱና ሌሎች አንዳንዶች 180 ቀን ይጨመርላቸዋል፤ ሌላው ሽፋኑን በራሱ ገንዘብ ለማስቀጠል 60 ቀን አለው። የቪኤ ሕክምና በቅጽ 10-10ኢዜድ ይጠየቃል። በኦገስት 2022 የጸደቀው ፓክት አክት የሚባለው ሕግ ከ2001 በኋላ በጦር ቀጠና ላገለገሉ የመመዝገቢያውን ጊዜ ወደ 10 ዓመት አራዝሞታል። ብዙዎች የሚያልፋቸው ጥርስ ነው፦ የስንብት ወረቀቱ፣ ዲዲ 214፣ ከመውጣት በፊት የተሟላ የጥርስ ሕክምና እንዳልተሰጠ ካሳየ፣ በ180 ቀን ውስጥ ላመለከተ አንድ ጊዜ ሙሉ ሕክምና በነፃ አለ። የሠራዊቱን የሕይወት ኢንሹራንስ ወደ ቪጂኤልአይ (የቀድሞ ወታደሮች የሕይወት ኢንሹራንስ) የሚያዛውር ደግሞ በ240 ቀን ውስጥ ካመለከተ ስለ ጤናው አይጠየቅም። ጀርባው ወይም ልቡ ለሚያመው ሰው ይህ ቀን ማለፍ የለበትም።

ቬት ሴንተር የሚባሉት የምክር መስጫ ማዕከሎች ልዩ ምስጋና ይገባቸዋል። ከሆስፒታሉ የተለዩ ትናንሽ ቢሮዎች ናቸው፤ ለጦር ሜዳ ተመላሾችና ለቤተሰቦቻቸው በነፃ ያማክራሉ፤ መዝገባቸውም ለብቻው ነው። «ሰው ያየኛል» ብሎ ለሚፈራ ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም። ነገሩ አስቸኳይ ከሆነ 988 ተደውሎ 1 ይጫናል፤ ሌሊትም ይነሳል። ቪኤ ውስጥ ያልተመዘገበም ሊደውል ይችላል።

ትምህርት ላይ ፖስት 9/11 ጂአይ ቢል ለሙሉ ጊዜ ተማሪ እስከ 36 ወር ይከፍላል። 36 ወርና ከዚያ በላይ ያገለገለ 100 በመቶ፣ 90 ቀን ያገለገለ 50 በመቶ ያገኛል። የቤት አበሉ የሚሰላው በትምህርት ቤቱ አካባቢ የኪራይ ተመን ነው። ሁሉንም ኮርስ ኦንላይን የሚወስድ ግን የአገሪቱን አማካይ ግማሽ ብቻ ያገኛል፤ አንድ ኮርስ እንኳ ክፍል ገብቶ መማር በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር ልዩነት ያመጣል። አበሉ እንዳይቋረጥ ምዝገባን በየወሩ ማረጋገጥ ይጠየቃል። በመካከል ኮርስ የጣለ ሰው የተከፈለለትን በዕዳ መልክ ሊጠየቅ ይችላል። ለልጅ ወይም ለትዳር አጋር የማዛወር ፈቃድ የሚጠየቀው በሠራዊት ውስጥ እያሉ ብቻ ነው፤ ከወጡ በኋላ በሩ ዝግ ነው። ቢያንስ 20 በመቶ የጉዳት መቶኛ ያለውና ጉዳቱ ሥራው ላይ እንቅፋት የሆነበት ሰው መጀመሪያ ቪአርኢን፣ ማለትም ጉዳት ላለባቸው የተዘጋጀውን የሥልጠናና የሥራ ድጋፍ፣ ይጠይቅ። እሱን አስቀድሞ የተጠቀመ የጂአይ ቢል ወሮቹ አይቀነሱበትም፤ በተቃራኒው የጀመረ ግን ከቪአርኢ ወሮቹ ያጣል።

ለእኛ ሰው ብቻ የሚመጣ አንድ ጣጣ አለ፦ ስም እና ቀን። የጉዳት መቶኛው 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ለትዳር አጋር፣ ለልጅና ለሚጦሩ ወላጆች ጭማሪ አለ፤ ለሚስትና ለልጅ ቅጽ 21-686ሲ ይሞላል። ሚስት የአባቷን ስም ይዛለች፣ ልጅ የአባቱን፣ አባትም የራሱን አባት፤ ሦስቱም «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ የተለያየ ነው። መርማሪው ይህን ስለማያውቅ ፋይሉን ያቆመዋል። አንድ አንቀጽ ማብራሪያ በቅጽ 21-4138 አያይዞ መላክ ያሳጥረዋል። የጋብቻና የልደት ወረቀት የኢትዮጵያን ቀን ብቻ ከያዘ ተርጓሚው የአውሮፓውን ጎን ለጎን ይጻፈው፤ ካልሆነ ጋብቻው ከእውነተኛው ቀን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀድሞ የተፈጸመ ይመስላል። ትርጉሙም ተርጓሚው ትክክል ነው ብሎ የፈረመበት መሆን አለበት።

ሥራን በተመለከተ ስኪልብሪጅ የሚባለው ፕሮግራም በመጨረሻው 180 ቀን ውስጥ የሠራዊቱን ደመወዝ እየበሉ ድርጅት ውስጥ መለማመድ ይፈቅዳል፤ ያለ አዛዥ ፊርማ ግን አይሆንም። የጭነት መኪና መንዳት ለሚያስብ፣ በሠራዊት ውስጥ ከባድ መኪና ቢያንስ ሁለት ዓመት የነዳ ሰው በወጣ በአንድ ዓመት ውስጥ ካመለከተ የሲዲኤልን (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) የመንዳት ፈተና ሊታለፍለት ይችላል።

አገር ቤት ለመኖር የሚያስብም የጉዳት ካሳው አይቋረጥበትም። በአገልግሎት ምክንያት መሆኑ ለተረጋገጠ ሕመም የውጭ አገር ሕክምና ፕሮግራሙ (ኤፍኤምፒ) ኢትዮጵያ ውስጥ የወጣውን ወጪ ይመልሳል፤ ደረሰኙና የሐኪሙ ማስታወሻ የሕመሙን ስም በግልጽ መያዝ አለባቸው።

ውሳኔው ዝቅ ያለ ወይም ውድቅ ከሆነ ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን አንድ ዓመት አለ። አዲስ ማስረጃ ያለው በቅጽ 20-0995 ያስገባ፤ ማስረጃው ሳይለወጥ ስህተት ተሠርቷል የሚል በ20-0996 ከፍ ያለ መርማሪ ይጠይቅ፤ ዳኛ ፊት መቅረብ የሚሻ በ10182 ወደ ይግባኝ ቦርድ ይሂድ። ሦስተኛው ከሁሉም ይዘገያል፤ ስለዚህ ደብዳቤው «ምን ማስረጃ ጎደለ» የሚለውን ክፍል አንብቦ፣ የጎደለው የሐኪም አስተያየት ከሆነ በመጀመሪያው መንገድ መመለስ ይቀናል።