የወንድሜን ናሙና እንደገና ላዩልን የጥቁር አንበሳ ፓቶሎጂ ባለሙያዎች ምስጋና

ታናሽ ወንድሜ ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ «ስሜን ብቻ ተዪው እንጂ ሌላውን ሳታፍሪ ጻፊው» ነው ያለኝ። ሕመሙ የዘር ፍሬ ካንሰር ነበር። በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ ልጅ ነው፤ ይህ ካንሰር ደግሞ በብዛት የሚታየው ከ15 እስከ 40 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ነው። እብጠቱ ስላላመመው፣ ለእናታችንም ለእኔም መናገር ስላሳፈረው፣ ወራት ካለፉ በኋላ ነው ሐኪም ዘንድ የሄደው።

የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል። ዕጢ መሆኑን በአልትራሳውንድ ካዩ በኋላ በመርፌ ናሙና አልወሰዱም። በቆለጥ ቆዳ በኩል መውጋት የካንሰር ሕዋሳትን ሊበትን ስለሚችል በብሽሽት በኩል ገብተው ሙሉውን የዘር ፍሬ ከተንጠለጠለበት ገመድ ጋር አወጡት። ናሙናው ወደ አንድ ላቦራቶሪ ሄደ፤ የላቦራቶሪውን ስም አልጠቅስም። ውጤቱ በአንዲት መስመር «ሴሚኖማ» ብሎ መጣ፤ ከዘር ፍሬ ካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነው። የዕጢው መጠን፣ ወደ ደም ሥር መግባት አለመግባቱ፣ ገመዱ የተቆረጠበት ጫፍ ንጹሕ መሆን አለመሆኑ፣ አንዱም አልተጻፈም። በእንዲህ ያለ ሕመም ላይ አንድ መስመር ጽፎ መስጠት ንፍገት ነው እላለሁ።

ሐኪሙም ወረቀቱን አልወደዱትም። ስላይዶቹን (ናሙናው በስሱ ተቆርጦ የተለጠፈባቸውን መስታወቶች)፣ ብሎኮቹን (በሰም ውስጥ የተቀመጡትን የናሙና ቁራጮች) እና በፎርማሊን የቀረውን ሥጋ ተረክበን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወደሚገኘው የፓቶሎጂ ክፍል፣ ማለትም ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል፣ እንድንሄድ ነገሩን።

እዚያ የተቀበሉን ዶክተር ስላይዱን ከማየታቸው በፊት «ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተሠራው የደም ውጤት የታለ?» አሉ። አልፋ ፌቶ ፕሮቲን የተባለው፣ በደም ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን፣ ከፍ ብሎ ነበር። ንጹሕ ሴሚኖማ ይህን ፕሮቲን አያመነጭም። የጉበት ሕመምም ሊያስጨምረው ስለሚችል መጀመሪያ ስለ ጉበቱ ጠየቁ፤ ጉበቱ ደኅና ነው። «እንግዲያው ሌላ ዓይነት ሕዋስ አለ ማለት ነው፤ ያልተቆረጠው ክፍል ውስጥ እንፈልገዋለን» አሉን።

የመጀመሪያው ላቦራቶሪ ከትልቁ ዕጢ ላይ የወሰደው ጥቂት ቁራጭ ብቻ ነበር። እንደ እሳቸው አነጋገር ቢያንስ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር አንድ ብሎክ መወሰድ አለበት፤ መልኩ የተለየ፣ ደም የቋጠረ ወይም ውሃ ያዘለ ቦታ ካለ ደግሞ ያ ቦታ አይታለፍም። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ አዲሶቹን ቁራጮች በሰም አደረቀች፤ ከዚያም ከ3 እስከ 5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በሆነ ውፍረት ቆርጣ ቀለም ነከረቻቸው። ቀናት የሚፈጅ ሥራ ነው። ቤተሰብ ስልክ እየደወለ ሲያዋክባት አንድም ጊዜ ፊቷን አላጠቆረችም፤ እኔ ብሆን አጠቁር ነበር።

ዶክተሩ በማይክሮስኮፕ እንድናይ ጋበዙን። በአንዱ ስላይድ ላይ ውስጣቸው ነጣ ያለ ትልልቅ ሕዋሳት ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው ነጭ የደም ሕዋሳት የሞሉት ቀጭን ግድግዳ አለ። ይህ ሴሚኖማ ነው። በሌላው ላይ ግን እንደ ዓሣ መረብ የተጠላለፈ ነገር ነበር፤ ዮክ ሳክ ቲዩመር የሚባል ሌላ የዘር ፍሬ ካንሰር ዓይነት ነው አሉ። ፕሮቲኑን የሚያመነጨው ይህ ነው። አዲሱ ውጤት የሁለቱን ድርሻ በመቶኛ ለይቶ፣ የደም ሥሩንና የገመዱን ሁኔታ ጨምሮ ተጻፈ። ሴሚኖማ ለጨረር ሕክምና በቀላሉ ይበገራል፤ ከሌላ ዓይነት ጋር የተቀላቀለ ሲሆን ግን የሚታመነው በኬሞቴራፒ ነው። በመጀመሪያው ወረቀት ብንሄድ ኖሮ ሕክምናው ሌላ መንገድ ይይዝ ነበር። ወንድሜ ኬሞቴራፒውን ጨርሷል፤ ፕሮቲኑም ወደ ጤናማ መጠኑ ወርዷል፤ በየጊዜው የደም ምርመራና ሲቲ ስካን እየተደረገለት ነው።

ዶክተር፣ እርስዎንም የላቦራቶሪ ባለሙያዎቹንም እግዚአብሔር ይስጥልን።

በቆለጡ ላይ እብጠት ያገኘ ሰው ሁሉ ካንሰር ይዞታል ማለት አይደለም። ውሃ መቋጠር፣ የቲቢና የሌላ ተሕዋስ ቁስለትም ዕጢ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ለይቶ የሚናገረው ምርመራው ነው። ናሙና ይዛችሁ የምትሄዱ ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተሠራውን የደም ውጤት፣ አልትራሳውንዱን፣ የሐኪሙን ደብዳቤ፣ ስላይዱንና ብሎኩን አንድ ላይ ያዙ። የመጀመሪያው ላቦራቶሪ በፎርማሊን ያለውን ትርፍ ሥጋ ለዘለዓለም አያስቀምጥም፤ ስለዚህ ሁለተኛ አስተያየት ካሰባችሁ ሳትዘገዩ ጠይቁ።