ለጥቅል ጎመን አባጨጓሬ የትኛው ይሻላል? ኩርስታኪ፣ አይዛዋይ ወይስ ስፒኖሳድ

በመሀል አዲስ አበባ ካሉት የእርሻ መድኃኒት ሱቆች ከባክቴሪያ የተሠራ ጸረ ተባይ የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «በስንት ቀን ይገድላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ኩርስታኪና አይዛዋይ የሚመደቡበትን ባክቴሪያ፣ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስን፣ በአጭሩ ቢቲን፣ በዚህ ብቻ መመዘን ጥሩ መድኃኒትን ያለ አግባብ ያስንቃል።

ቢቲ የሚሠራው ተበልቶ ነው። ከቅጠሉ ጋር የሚገባው የፕሮቲን ክሪስታል በአባጨጓሬው አንጀት ውስጥ ሟሙቶ የአንጀቱን ግድግዳ ስለሚበሳ፣ ትሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መብላት ያቆማል፤ ሞቱ ግን ከ2 እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በማግስቱ ቅጠል ላይ የሚታይ ትል ሁሉ ጎመኑን እየበላ ነው ማለት አይደለም። ለመግደል የማይበቃ መጠን የቀመሰውም ቢሆን እንደ ጤነኛው አይሆንም፦ እድገቱ ይጓተታል፣ ፑፓ (ትሉ ወደ እሳት እራት የሚለወጥበት ደረጃ) ሲሆን ክብደቱ ይቀንሳል፣ ከእርሱ የምትወጣው የእሳት እራትም ብዙውን ጊዜ የምትጥለው እንቁላል ያነሰ ነው። በትልነት ዕድሜው በቆየ ቁጥር ደግሞ በትሉ ላይ እንቁላል ጥለው ለሚገድሉት ጥገኛ ተርቦች የተጋለጠ ይሆናል። ይህን ተማምኖ መጠን ቀንሶ መርጨት ግን ከባድ ስሕተት ነው፤ መድኃኒቱን መቋቋም የሚችሉት ተርፈው ይራባሉና። በክፍት ማሳ ቢቲን መቋቋሟ ቀድሞ የታወቀው ነፍሳት ዳይመንድባክ የተባለችው የጎመን የእሳት እራት መሆኗን ገዢው ሊያስብበት ይገባል።

ኩርስታኪና አይዛዋይ ሁለቱም የቢቲ ዝርያዎች ናቸው፤ ልዩነታቸው በያዙት ፕሮቲን ነው። ለተለመደው የጎመን አባጨጓሬ፣ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ፣ እኔ ኩርስታኪን አስቀድማለሁ። ተደጋግሞ ተረጭቶ ውጤቱ ከደከመ፣ ወይም ተባዩ የተምች ወገን ከሆነ፣ ኩርስታኪ የሌለው ክራይ 1ሲ የተባለ ፕሮቲን ያለው አይዛዋይ ይመረጣል።

ስፒኖሳድም ከአፈር ባክቴሪያ የሚገኝ ነው፤ አሠራሩ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። በመነካትም በመበላትም የነርቭ ሥርዓትን ስለሚመታ ፈጥኖ ይገድላል፤ ትሎቹ አድገው ጥቃቱ ከበረታ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው እርሱ ነው። እርጥብ ሳለ ግን ንብ ይገድላል፤ በማሳው አጠገብ ቀፎ ወይም ያበበ ሰብል ያለው ሰው በቀን ሊረጨው አይገባም። ኩርስታኪ ለንብ ብዙም አያሰጋም፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ሚዛን ነው። ስፒኖሳድንም አዘውትሮ መርጨት ተባዩን ያለማምዳል፤ ዳይመንድባክ እርሱንም መቋቋም ችላለች፤ ስለዚህ ከቢቲ ጋር ማፈራረቅ ያስፈልጋል።

ቢቲ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት የመጠቀሚያ ጊዜውን ያንብብ፤ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ የተደረደረውንም አይውሰድ። ቅጠል ላይ ያረፈውንም ፀሐይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚያዳክመው፣ የሚረጨው ወደ ማታ፣ የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ ጭምር በማዳረስ ነው።