ንፋስ ከመሙላቱ በፊት የሚጠይቅ ጎሚስታ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሞተር ለምትነዱ

ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም፤ «የሚጠይቀው ልጅ» ብትሉ ሰፈሩ ያሳያችኋል። የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ከማንሳቱ በፊት «ብቻህን ነው የምትነዳው ወይስ ታፈናጥጣለህ?» ይላል። ሥራው ሁሉ ያለው እዚያ ጥያቄ ላይ ነው። ለቦክሰር ሞተር አምራቹ የሚያዘው ለፊት ጎማ 25 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው)፣ ለኋላው ደግሞ ብቻውን ለሚነዳ 28፣ ሰው ለሚያፈናጥጥ 32 ነው። ሌላ ሞተር ሲመጣለት ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ወይም መመሪያው ላይ ያለውን ቁጥር ያያል እንጂ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን አይከተልም። የጎማው ጎን የሚናገረው ጎማው የሚችለውን ጣሪያ ነው፤ ለሞተሩ የሚስማማውን አይደለም።

ብዙ ቦታ ይሞላል፣ በእግር ይረገጣል፣ «በቃ ድንጋይ ሆኗል» ተብሎ ሂሳብ ይቀበላሉ። ድንጋይ የሆነ ጎማ መሬት የሚነካው መሃሉ ብቻ ነው፤ መሃሉ ቶሎ ያልቃል፣ ዝናብ የመታው ኮብልስቶን ላይ ፍሬን ሲያዝ ያንሸራትታል። ንፋሱ ያነሰው ግን ይብሳል። ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ ዳርና ዳሩ ይበላል፣ ጉድጓድ ሲገባ ቸርኬው ይጎብጣል። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጎማው ቸርኬው ላይ ትንሽ ትንሽ ይዞርና ከመነዳሪውን ይጎትተዋል፤ ቫልቩ ያዘነብላል፣ ውሎ አድሮ ከሥሩ ይቀደዳል። ከሥሩ የተቀደደ ደግሞ አይለጠፍም፣ አዲስ ከመነዳሪ መግዛት ነው። ቫልቫችሁ ቀጥ ብሎ መቆሙን አሁኑኑ ወርዳችሁ እዩ።

ለልኬት ጠዋት ከሥራ በፊት ኑ ይላል፣ ልክ ነው። ጎማው ሦስት ሰዓት ያህል ቆሞ መቀዝቀዝ አለበት፤ ሻይ ጠጥቶ መመለስ አይበቃም። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ግፊቱ 1 ፒኤስአይ ተኩል ገደማ ከፍ ይላል። በኅዳር ብርድ በልኩ የተሞላ ጎማ ቀትር ላይ በልጦ ቢገኝ አታስተንፍሱት፣ በማግስቱ ጠዋት ይጎድልባችኋል።

ሚስማር የወጋው ጎማ ሲመጣለት ከመነዳሪውን ለጥፎ ብቻ አይመልስም። የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጨርቅ ይዳብሳል፤ የቀረች የሚስማር ጫፍ ካለች ጨርቁን ትይዛለች። ከመነዳሪው ጎማ በሚገጥምበት ብረት እንዳይቆነጠጥ ጥቂት ንፋስ ሰጥቶ ያስገባዋል፣ ከዚያ ይሞላል፣ ያስተነፍሳል፣ እንደገና ይሞላል፤ እጥፋቱ የሚፈታው በዚህ ነው። መጨረሻ ላይ ቫልቩን በሳሙና ውሃ ይፈትሻል፣ ክዳኑንም ራሱ ይገጥማል።

አንድ የምናማርርበት ነገር መለኪያው የሚያሳየው በፒኤስአይ ሳይሆን ባር በሚባለው ሌላ የግፊት መለኪያ መሆኑ ነው። 25 ፒኤስአይ ማለት 1.7፣ 28 ማለት 1.9፣ 32 ማለት 2.2 ባር መሆኑን ያዙ።

እጅህ ይባረክ ወንድማችን፣ እናመሰግናለን። እሑድ የሚከፍተው ከቅዳሴ በኋላ ነው።